በጣሳ ውስጥ የቀረው ድጓ

ባንቺዓለም ብርሃኔ ከፎቶ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለውን ፎቶ ቤት የከፈተው አባቷ ነበር። ገና ልጅ ሳለች ጨለማ ክፍል ያስገባትና፣ በቀይ አምፖል ብርሃን ነጩን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ሲነክረው የሰው ፊት ቀስ እያለ ሲወጣበት ያሳያት ነበር። ያ ነገር ከልቧ አልወጣም። ከዐሥረኛ ክፍል ትምህርቷን ስታቋርጥ እናቷ አለቀሰች፤ አባቷ ግን የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ ሰጣት።

በኋላ አባቷ ሞተ። ፊልም የሚባለውም ነገር ከገበያ ጠፋ፤ ዲጂታሉ መጣ። ባንቺዓለም የአባቷን ማጉያ መኪና፣ ያንን በኔጌቲቩ ላይ ብርሃን አሳልፎ ምስሉን ወረቀት ላይ የሚያሰፋውን ከባድ ዕቃ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍና ጥግ አስያዘችው። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ፣ የተማሪ ፎቶ ለፈተና፣ ሠርግ፣ ክርስትና፤ በዚህ ሁለት ልጆች አሳድጋ ደብረ ታቦር ድረስ ልካ አስተማረች።

ጦርነቱ ጋይንት የገባ ዓመት ከተማው ሲሸሽ እሷም ወደ እስቴ ሸሸች። ስትመለስ የፎቶ ቤቱ በር ተገንጥሏል። ካሜራው፣ ኮምፒውተሩ፣ ማተሚያው፣ ሙሽሮች ፊቱ የሚቆሙበት መጋረጃ ሳይቀር የለም። ማጉያው መኪና ግን ጓሮ ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ ተገኘ። የወሰዱት ሰዎች ምንነቱ ሳይገባቸው፣ ክብደቱም አስመርሯቸው ጥለውት ሄደዋል። ጭቃውን ጠራርጋ መልሳ አስገባችው። ይጠቅመኛል ብላ አልነበረም፤ አባቷ የነካው ዕቃ ዝናብ እንዲመታው አልፈለገችም፣ ያ ብቻ ነው። ቀስ በቀስም ያገለገለ ካሜራ፣ ኮምፒውተርና ማተሚያ ገዝታ ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ የባሰው ሐዘን የደረሰው አጎቷ ላይ ነበር። የእናቷ ወንድም መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ማዶ ባለችው ጥቁር ዱር ማርያም ድጓ ያስተምሩ ነበር። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እሷም አጎቷ ሆነው ሳለ በሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ቢሆንም ዜማው በቃላቸው ስለነበር ተማሪ ሲስት ከመደባቸው ሳይነሡ «ተመለስ!» ይሉታል። ራሳቸው የተጠራጠሩ ዕለት ደግሞ የደብሩ የብራና ድጓ ነበረላቸው። የመምህራቸው መምህር የጻፉት መጽሐፍ ነው፤ የዜማው ምልክት በየቃሉ አናት ላይ እንደ ጤፍ ተዘርቶበታል። እሱን አስከፍተው ያስነብባሉ፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

በዚያው ጦርነት ከባድ መሣሪያ የደብሩ ዕቃ ቤት ላይ ወደቀ። ድጓው ከነማኅደሩ ነደደ።

የኔታ ያን ጊዜ አላለቀሱም። «በቃሌ አለ» አሉ። ወራት ሲቆጠር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እያስተማሩ ድንገት ይቆማሉ። «ይዘት ነው… አይ፣ ደረት ነው… ቆይ እስቲ» ይላሉ፤ የዜማው ምልክት ይምታታባቸዋል። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ትናንት በአንድ መንገድ የመሩት መስመር ዛሬ በሌላ ይወጣል። ይህን ራሳቸው ያወቁ ዕለት መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። «ጠማማ ዜማ አውርሼ ከምሞት ዝም ብዬ ልሙት» አሉ። ተማሪዎቹም ስልቻቸውን እየያዙ ወደ ሌላ ደብር ሄዱ። ባንቺዓለም ልትጠይቃቸው ስትሄድ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ታያቸዋለች። ድምፅ አልነበረውም።

ከመስቀል በኋላ በአንድ የገበያ ቀን የደብሩ ገበዝ ቄስ ተክለ ሃይማኖት ወደ ፎቶ ቤቱ ገቡ። መስቀላቸውን አሳልመዋት ከጋቢያቸው ሥር ክብ የቆርቆሮ ጣሳ አወጡ።

«የፈረሰውን ዕቃ ቤት ድንጋይ ስናነሣ ከግድግዳው ሥር አገኘነው» አሉ። «የቴፕ ክር ነው ያሉ አሉ። እኔ ግን አይመስለኝም።»

«ምን ይመስልዎታል፣ አባ?»

«ልጅ ሆኜ ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተው ነበር። መጻሕፍቱን በትልቅ መብራት ሥር እየዘረጉ በመኪና ያነሣሉ። ሽማግሌዎቹ እንቢ ሲሉ፣ እሺ ሲሉ፣ ብዙ ተጨቃጨቁ። ቆይቶ አንድ ጣሳ ላኩ። የመጽሐፋችሁ ግልባጭ ነው፣ ማይክሮፊልም ይባላል አሉ። ማን ያንብበው? ማንበቢያው የለ። እንደተቀመጠ ተረሳ።»

ባንቺዓለም ክዳኑን ስትከፍተው የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ወደ ኋላ አለች። ሽታውን ታውቀዋለች። የአባቷ የድሮ ኔጌቲቮች እንዲህ መሽተት ጀምረው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተጨማደው፣ ተሰባብረው፣ ለምንም የማይሆኑ ሆኑ።

«ምነው?» አሉ ቄስ ተክለ ሃይማኖት።

«ታሟል፣ አባ። ፊልሙ እየበሰበሰ ነው።»

ጫፉን ቀስ ብላ ስባ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ጥፍር የምታህል ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ከሥሯ ሌላ፣ ከሥሯ ሌላ። አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ ደቅና አየች። በጥቁሩ ላይ ነጭ ፊደል፣ ከፊደሉም በላይ ሌላ ደቃቅ ፊደል ተደርድሯል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከተማረችው ግእዝ የቀራትን አሰባስባ አንድ ቃል አነበበች። ከዚያም ቀጥሎ ያለውን።

«ድጓው ነው» አለች።

ቄሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

በዚያው ሳምንት ማጉያውን መኪና ከረጢቱን ገፍፋ ጨለማ ክፍል አስገባችው። የተሰነጠቀውን የፊልም መያዣ በሽቦ አሰረች፤ የማጉያውን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች። ከጥንቱ የቀረ አንድ አምፖል ነበራት። መብራት በመጣ ሰዓት ፊልሙን አስገብታ አበራችው። የመጀመሪያው ገጽ ነጩ ወረቀት ላይ ወጣ። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ፣ የብራናው ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ደስታዋ አፍታም አልቆየም። ምስሉ መሐል ላይ አበጠ፣ ተጣመመ፣ እንደ እንቅልፋም ዓይን ደበዘዘ። አምፖሉን እስክታጠፋው ድረስ ሙቀቱ ፊልሙን አጨማዶት ነበር። ስታወጣው ያ ገጽ እጇ ላይ ተሰነጠቀ።

በማግሥቱ ጠዋት ጥቁር ዱር ሄዳ ለቄስ ተክለ ሃይማኖት ነገረቻቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ጦርነቱ አንዴ አቃጠለው» አሉ። «አሁን ደግሞ እኛው ልናቃጥለው ነው? ተይው! አዲስ አበባ ይወሰድና የሚያውቁት ይዩት።»

«በምን ይወሰዳል፣ አባ? መንገዱ እኮ ተዘግቷል። አውቶቡስ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው።»

«ይከፈት ይሆናል።»

«ሲከፈት ፊልሙ ይኖራል ወይ? ሽታው በየቀኑ እየከፋ ነው።»

ቄሱ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉ፤ የተቃጠለውን ዕቃ ቤት ግድግዳ አዩ። በመጨረሻ «የኔታን ጠይቂ፤ የሳቸው ነው» ብለው ገቡ።

የኔታ ከነገረቻቸው ሁሉ የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ምልክቱ ይታያል?»

«ይታያል።»

«እንግዲያ ሥሪው። የሚቃጠለው ይቃጠል።»

እሷ ግን እንዲቃጠል አልፈለገችም። ለቀናት አስባ የሚሞቀውን አምፖል ትታ፣ ከሶላር ፋኖስ የፈታችውን የማይሞቅ መብራት መኪናው ራስ ውስጥ ገጠመችው። ፊልሙ እንዳይጨማደድ ከላይና ከታች በቀጭን መስታወት ያዘችው። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ዓይን ያደክማል። ስለዚህ የመኪናውን ራስ አጋድማ ወደ ግድግዳው አዞረችውና ከግድግዳው እየራቀች ሞከረች። በኖራ የተቀባው የጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ገጹ በቁመት እንደ በር ተዘረጋ። እያንዳንዱ ፊደል ስንዝር ያህላል። በጨለማው መሐል ነጭ እሳት ይመስላል። ቆማ ስታየው አንድ ሐሳብ መጣላት።

የኔታን በበቅሎ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በባጃጅ አመጣቻቸው። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን አበራችው። አንገታቸውን አሰገጉ። ተነሡ። እስከ ግድግዳው ሄደው እጃቸውን ፊደሉ ላይ አሳረፉ፤ ፊደሉ የእጃቸው ጀርባ ላይ ወጣ።

«ባንቺ» አሉ።

«አቤት የኔታ።»

«አያለሁ እኮ።»

ሞራ የጋረደው ዓይን የመጽሐፉን ደቃቅ ፊደል ለዓመታት አላየም ነበር። አሁን ግን ስንዝር የሚያህለውን ያነባሉ። በጣታቸው ምልክቱን እየተከተሉ በለሆሳስ ጀመሩ። አንዱ ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ደረት ነው» አሉ፤ «ያን ጊዜ የተናገርኩት ልክ ነበር።» ድምፃቸው ከፍ አለ። ባንቺዓለም ከመኪናው ጀርባ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ እሳቸው ግን አላዩዋትም።

ከኅዳር ጀምሮ ሥራቸው ይህ ሆነ። የኔታ እሷው ቤት ሰነበቱ። ገጹን ግድግዳው ላይ ታወጣለች፤ በካሜራዋ ታነሣዋለች፤ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጋ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጠዋለች። በቀይ ቀለም የተጻፈው በፊልሙ ላይ ደብዝዞ ስለሚቀር እሱን የኔታ ይነግሯታል። አንዳንድ ቀን ይስማማሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የኔታ ሳይሰለቹ አንዱን ገጽ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲዘምሩ እሷ ትቃጠላለች፤ ፊልሙ ከጣሳው በወጣ ቁጥር እየደረቀ ነውና። «የኔታ፣ እንለፍ» ትላለች። «ቆይ፣ አልጠገብኩም» ይላሉ።

መስከረም ላይ የሚጀምረው ድጓ ወር በወር እየተፈታ ሄደ። አስተምሕሮ የተባለው የድጓው ክፍል አለቀ። ፋሲካው ተጀመረ። ጥቅልሉም ወደ ውስጥ ሲገባ እየከፋ ሄደ፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ነጫጭ ዱቄት ያራግፋል። አንድ ቀን ስትስበው አልመጣም። ውስጠኛው ክፍል እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቋል። የቀረው ክረምቱ ነበር፤ በክረምቱ ውስጥም የነሐሴ ፍልሰታ፣ የጥቁር ዱር ማርያም ክብረ በዓል። የደብሩ ዜማ ከሌላው የሚለየው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

አባቷን ከሚያውቅ አንድ የደብረ ታቦር ፎቶግራፍ አንሺ ስልክ ተቀብላ፣ አዲስ አበባ የድሮ ሰነዶች ከሚጠብቅ ቤት የምትሠራ አዜብ የምትባል ሴት አገኘች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነገረቻት።

«በእናትሽ እንዳትስቢው!» አለች አዜብ። «ከሳብሽው ምስሉ ከፕላስቲኩ ተላቆ ይወድቃል። ከወደቀ ማንም አይመልሰውም። ቀዝቃዛ ቦታ፣ አየር እንዲያገኝ አድርገሽ አስቀምጪው። የመጀመሪያው ምስል ላይ ቁጥር አለ?»

«አለ።»

«ንገሪኝ። አንቺ ጋ ያለው ግልባጭ ነው። ዋናው ፊልም ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል፤ በቁጥሩ እንፈልገዋለን። ግን ታገሺ፤ ቶሎ አይገኝም።»

ይህን ለየኔታ ስትነግራቸው አልተቀበሏትም።

«ሳቢው» አሉ።

«ይበላሻል እኮ።»

«እኔም እየተበላሸሁ ነው። ትንሹም ብትሆን ትውጣ። የፍልሰታውን አንዷን ገጽ ካየሁ ይበቃኛል።»

«የኔታ፣ ዋናው ቢገኝ ሁሉንም ያዩታል። ትንሽ ይታገሡ።»

«መቼ?»

አላወቀችም። ከዚያ ቀን በኋላ የኔታ ግድግዳውን ለማየት አልፈለጉም። ምግብ ሲቀርብላቸው «ይበቃኛል» ይላሉ። ከቁጣ ይልቅ ዝምታቸው አቆሰላት። ብቻዋን ስትሆን ጣሳውን ትከፍታለች፤ ጫፉን በጥፍሯ ትነካለች፤ ትንሽ ሳብ ታደርገዋለች፤ የመሰንጠቅ ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ ትተወዋለች። ደግማ ትዘጋዋለች። የካቲት እንዲህ አለፈ፤ መጋቢትም።

ከፋሲካ በኋላ የኔታ ወደ ደብራቸው መልሱኝ አሉ። ሳል ጀምሯቸው ነበር። ባንቺዓለም ያተመችውን ጠርዛ ይዛላቸው ሄደች፤ ፊደሉን አስፍታ፣ ምልክቱን አጉልታ። ገለጡት። እጃቸው በገጹ ላይ ሄደ፤ መጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ባዶ ዳበሱ።

«ክረምቱ የለም» አሉ።

«ይመጣል፣ የኔታ።»

«ይሁና።»

የኔታ በሰኔ መባቻ ዐረፉ። የቀበሯቸው ከተቃጠለው ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ነው። በቀብሩ ላይ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው መጥተው ነበር፤ የጠረዘችውን መጽሐፍ አይተው አንደኛው ሊያስተምርበት እዚያው ቀረ። ባንቺዓለም ግን ይህ አላጽናናትም። ቄስ ተክለ ሃይማኖትን ከመቃብሩ ዳር ለብቻቸው አግኝታ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ስቤው ቢሆን ኖሮ አንዷን ገጽ አይተው ይሞቱ ነበር?»

ቄሱ አፈሩን በእግራቸው እየነካኩ አሰቡ። «እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት።»

ፍልሰታ ደርሶ ደብሩ በዓሉን አከበረ። ያ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን አዲሱ መምህር፣ ከየኔታ ያልደረሱበትን የፍልሰታውን ዜማ በሌላ ደብር በተማሩት መንገድ መሩት። አንድም የተሳሳተ ነገር አልነበረበትም። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የኔታ ይሉት የነበረው እንዲህ እንዳልነበረ ያውቃሉ፤ እንዴት እንደነበረ ግን ከመካከላቸው አንድም መናገር የሚችል አልነበረም። ባንቺዓለም በሴቶች በኩል ቆማ ይህን ሰማችና ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣች።

አዜብ የደወለችው በአዲሱ ዓመት ነው። ቁጥሩ መዝገብ ላይ ተገኝቷል። ጣሳው ግን ከነበረበት መደርደሪያ ላይ የለም፤ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ይሆናል፤ መፈለጋቸውን አልተዉም። «ተስፋ አትቁረጪ» አለች አዜብ። ባንቺዓለም «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች። የተጣበቀው ጥቅልል አሁንም እሷው ዘንድ ነው፤ ቀዝቀዝ ባለው የቤቱ ጥግ፣ ክዳኑ ገርበብ ተደርጎ።

ከዚያ ወዲህ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ፎቶ ቤቱን ዘግታ ትወጣለች። ካሜራዋን፣ ሁለት የሶላር መብራቶችና አንድ ጥቁር ጨርቅ ይዛ በስማዳና በእስቴ ደብሮች ትዞራለች። መጽሐፉ ሳይቃጠል፣ ሳይጠፋ ላንሣው ትላለች። ልጆቿ «ማን አዞሽ ነው?» ይሏታል። ባለፈው ጥር ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ደብር በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ አስቆሟት።

«መጽሐፉ ፎቶ ከተነሣ ወሬው ይሰማል፤ ወሬው ሲሰማ ሌባ ይመጣል» አሏት። «በሌላ ቦታ ደርሷል።»

«እውነትዎን ነው፣ አባ» አለች። ደርሶ እንደሚያውቅ ታውቃለች። «እሳትም ይመጣል።»

ቄሱ አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ገብተው አንድ ድጓ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አወጡና ደጀ ሰላሙ ላይ ዘረጉላት። ገጹን የሚገልጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። ባንቺዓለም ጨርቁን አነጠፈች፣ መብራቱን አስተካከለች፣ ማንሣት ጀመረች። ከጉና በኩል ደመና እየወጣ ነበር። ቸኮለች። ጥቂት ቅጠል እንዳነሣች ቄሱ መጽሐፉን ከደኑት።

«ለዛሬ ይበቃል።»

«ገና የመስከረሙ ክፍል ላይ ነን፣ አባ።»

«ይበቃል አልኩሽ እኮ።»

አልተከራከረችም። ዕቃዋን ሰብስባ ከደብሩ በታች ካሉት ቤቶች ወደ አንዱ ወረደች፤ ማደሪያ ጠየቀች። በማግሥቱ ጠዋት ኪዳን ሳይደርስ ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ካሜራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃቸው ነበር።